ጉሎና አምላ፦ የፀጉር ቅባት በወልቂጤና በቡታጅራ መንገዶች

ከአዲስ አበባ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወደ ጅማ የሚወርደው አውራ ጎዳና 155 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ወልቂጤን አቋርጦ ወደ ጊቤ ሸለቆ ያዘነብላል፤ በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ጭነትም ከተማዋ ምን እንደምትሸጥና ምን እንደምትገዛ ለማወቅ ለሚፈልግ ተጓዥ ጥሩ ማስረጃ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በአብዛኛው ጫት፣ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ቡና፣ ቆጮና ቅቤ ሲሆን፣ ከመርካቶ ተጭኖ የሚወርደው ደግሞ የፋብሪካ ዕቃ ነው። ከዚህ የፋብሪካ ዕቃ መካከል በክብደቱ ትንሽ ሆኖ በሴቶች ኑሮ ውስጥ ግን ሰፊ ቦታ የያዘው ከሕንድ የሚመጣው፣ ወይም የሕንድን ስም ይዞ ከሌላ አገር የሚመጣው፣ የፀጉር ቅባት ነው። ቅቤ በሚወጣበት መንገድ የፀጉር ቅባት የሚገባ መሆኑ ሲታይ እንዲሁ ያጋጠመ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ጭነቶች የአንድ ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸው፤ ምክንያቱም በጉራጌ አገር ቅቤ ለዘመናት የምግብ ብቻ ሳይሆን የፀጉርም ሀብት ሆኖ ኖሯል።

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ዞኑም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የቀድሞው የደቡብ ክልል በተለያዩ ክልሎች ሲከፋፈል በአዲሱ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ተካቷል፤ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያዋ በምትገኘው ጉብሬ መቆርቆሩ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ወጣት ሴቶችን ወደ አካባቢው ስላመጣ፣ የከተማዋ የመዋቢያ ዕቃ ሱቆች ደንበኛ የአካባቢው ገበሬ ሴት ብቻ አይደለችም። ሆኖም የሱቁ መደርደሪያ ለሁለቱም ዓይነት ደንበኛ የሚያቀርበው ዕቃ ተመሳሳይ ነው፦ በአረንጓዴ ጠርሙስ የአምላ ቅባት፣ በሰማያዊ ዕቃ የኮኮነት ዘይት፣ በትንሽ ብልቃጥ የጉሎ ዘይት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በካርቶን የታሸገ የሂና ዱቄት። አልፎ አልፎ የሺካካይ ዱቄትም ይገኛል፤ ይህን ግን ከአዲስ አበባ በስም ጠይቆ ማስመጣት ይቀላል።

የእነዚህ ዕቃዎች ምንጭ አዩርቬዳ ነው፤ አዩርቬዳ የሚባለው ቻራካ ሳምሂታና ሱሽሩታ ሳምሂታ በተባሉ ጥንታዊ የሳንስክሪት መጻሕፍት ላይ የተመሠረተው የሕንድ ባህላዊ የሕክምና ሥርዓት ሲሆን፣ ራስን በዘይት ማሸት ከሚያዝዛቸው የዕለት ልማዶች አንዱ ነው። አምላ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ፊላንተስ ኤምብሊካ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ነው፤ ፍሬው ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ እጅግ ኮምጣጣና ጎምዛዛ ሲሆን፣ ከደረቀ በኋላ በዘይት ውስጥ ተነክሮ ወይም ተቀቅሎ ለፀጉር ይውላል። ሺካካይ ደግሞ ከግራር ጋር የሚዛመድ ተንጠላጣይ ተክል ነው፤ ቆባው ደርቆ ሲፈጭና በውኃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን የተባለ፣ ቅባትንና ውኃን አገናኝቶ እድፍን የሚያነሣ፣ በተፈጥሮ የሳሙና ባሕርይ ያለው ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ነጠላና ጋቢ ለትውልዶች የታጠቡበት የእንዶድ ፍሬ ኃይሉ ከዚሁ ንጥረ ነገር የመጣ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ እንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የታወቀውን ምርምራቸውን አስጀምሯል። በአፋር ቆላም ሴቶች የቁርቁራን ቅጠል አድቅቀው ፀጉራቸውን ያጥቡበታል። ከሕንድ የሚመጣው የሺካካይ ዱቄት በወልቂጤ የሚያከናውነው ሥራ፣ እንግዲህ፣ በአገሪቱ ውስጥ በሌሎች ዕፅዋት ሲሠራ የኖረ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ሺካካይ በፋብሪካ ተፈጭቶ፣ ተመዝኖና ታሽጎ መምጣቱ ላይ ነው።

የሁለቱ አገሮች የቅባት ግንኙነት ከሱቆቹ ዕድሜ እጅግ ይረዝማል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው፣ የአዱሊስን ወደብና የአክሱምን ንግድ የሚያነሣው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ ከምዕራብ ሕንድ ወደ አፍሪካ ቀንድ ወደቦች ይላኩ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ስንዴን፣ ሩዝን፣ የጥጥ ጨርቅን፣ የተነጠረ ቅቤንና የሰሊጥ ዘይትን ይዘረዝራል። ዕቃው ይነሣባት ከነበሩት ወደቦች አንዷ ባሩጋዛ የዛሬዋ የጉጃራት ከተማ ባሩች ናት፤ የጉጃራት ግዛት ደግሞ ዛሬ የዓለም የጉሎ ዘይት ገበያ እምብርት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሐረርና ወደ አዲስ አበባ የገቡት የሕንድ ነጋዴዎች፣ ከእነርሱም ስሙ የገነነው የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት፣ በፋሽስት ወረራ ዘመን እስኪባረሩ ድረስ የጨርቁንና የቅመሙን ንግድ በሰፊው ይዘው ነበር። ስለዚህ ዛሬ የሕንድ ቅባት በጉራጌ ከተሞች መገኘቱን አዲስ ዘመን አመጣሽ ፋሽን አድርጎ ማየት የታሪኩን ርዝመት አለማየት ይሆናል።

አዲሱ ነገር ዋጋው ነው። ዋጋው ለምን እንደሚወጣ ለመረዳት ከጠርሙሱ ይልቅ የመጣበትን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ሸቀጦች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲከለክል ሽቶና የመዋቢያ ዕቃዎች ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ፤ መንግሥት እነዚህን ዕቃዎች ከመድኃኒት፣ ከነዳጅና ከማዳበሪያ ጋር ሲያነጻጽራቸው ቅንጦት አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ክልከላው ዕቃውን ከገበያ አላጠፋውም፤ መንገዱን ግን ለወጠው። ከዱባይና ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመለሱ ሴቶች በሻንጣቸው የሚያመጡት፣ በድንበር ከተሞች በኩል የሚገባውና በየእጁ እየተላለፈ መርካቶ የሚደርሰው ቅባት የባንኩን ሳይሆን የጎን ገበያውን የዶላር ዋጋ ተሸክሞ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ክልከላውም አብሮ ተነሣ፤ ይሁን እንጂ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ በሩ ቢከፈትም ከፍ ያለ የዋጋ ደፍ ተሠራለት። በዚህ ላይ ጉምሩክ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለው ጭነት፣ የመርካቶ ጅምላ ሻጭ ትርፍና እስከ ወልቂጤ ያለው ማጓጓዣ ሲደመር፣ በሕንድ የሠራተኛ ቤተሰብ የዕለት ዕቃ የሆነው ጠርሙስ በጉራጌ ከተማ ለበዓልና ለሠርግ የሚገዛ ዕቃ ይሆናል።

ከመርካቶ እስከ ወልቂጤ ያለው የመጨረሻው እርምጃ ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ በዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። የመርካቶ ንግድ ከጉራጌ ልጆች ጋር እጅግ የተሳሰረ በመሆኑ የወልቂጤ ባለ ሱቅ ብዙውን ጊዜ ዕቃ የሚያመጣው ከዘመዱ ወይም ከአገሩ ልጅ ነው፤ ክፍያውም በዱቤ ሆኖ የሚወራረደው ዕቃው ሲሸጥ ነው። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ የጉራጌ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር ሲያቋቁሙ የነበረው የመተጋገዝ ልማድ ዛሬም በትንሹ መልኩ በዚህ የዱቤ ሥርዓት ውስጥ ይታያል። ባለ ሱቁ የባንክ ብድር ሳያስፈልገው መደርደሪያውን መሙላት የቻለው በእምነት ነው። እምነቱ ግን ዕቃው እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። በመርካቶ የተገዛው ጠርሙስ አስመስሎ የተሠራ ቢሆን የወልቂጤዋ ገዢ የምታውቅበት መንገድ ጠባብ ነው፤ የመዋቢያ ዕቃን ደኅንነት የመቆጣጠር ኃላፊነት ያለበት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በሻንጣ የገባውን ሁሉ ሊመረምር አይችልም።

እውነተኛው ዕቃ ራሱ ስሙ እንደሚለው ላይሆን ይችላል፤ ይህንን ለገዢ መናገር ይገባል። በመዋቢያ ዕቃ መለያ ላይ ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት በመጠናቸው ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ብዙዎቹ የአምላ ቅባቶች በዝርዝራቸው መጀመሪያ ላይ የሚጠቅሱት የማዕድን ዘይትን፣ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣውን ሽታና ቀለም የሌለው ዘይት ነው፤ ከዚያ የዘንባባ ወይም ሌላ የአትክልት ዘይት ይከተላል፤ የአምላው ጭማቂ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። የማዕድን ዘይት በራሱ ጎጂ አይደለም፤ ፀጉርን ያወዛል፣ እርጥበት እንዳይተንም ያግዳል። ሆኖም አምላ የገዛች የመሰላት ሴት በዋናነት የከፈለችው ለፔትሮሊየም ውጤት መሆኑን ማወቅ መብቷ ነው። የትውልድ አገሩም እንዲሁ ነው፦ ዳቡር እ.ኤ.አ. በ1884 በካልካታ ዶክተር ኤስ. ኬ. በርማን የመሠረቱት የመድኃኒት ቤት ሲሆን የአምላ ቅባቱን በ1940 ማምረት ጀምሯል፤ ዛሬ ግን በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በግብፅም ፋብሪካዎች ስላሉት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ የሕንድ የሚባለው ጠርሙስ የሕንድን ምድር ሳይረግጥ የተሞላ ሊሆን ይችላል።

የኮኮነት ዘይት ነገር የተሻለ ነው። ማሪኮ የተባለው፣ ፓራሹት በሚል ስም የኮኮነት ዘይት የሚሸጠው የሕንድ ኩባንያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት የኮኮነት ዘይት ከማዕድን ዘይትና ከሱፍ ዘይት ይልቅ ፀጉር ሲታጠብ የሚደርስበትን የፕሮቲን መመናመን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ አጥኚዎቹ ምክንያቱን ላውሪክ አሲድ የተባለው የዘይቱ ዋና ክፍል ትንሽና ቀጥ ያለ ሞለኪውል ስለሆነ ወደ ፀጉሩ ዘንግ ውስጥ መዝለቅ መቻሉ ነው ብለዋል። ጥናቱን ያደረገው ዘይቱን የሚሸጠው ወገን መሆኑ አንባቢን ማስጠንቀቅ አለበት፤ ይሁንና ሐሳቡ ከኬሚስትሪው ጋር የሚስማማ በመሆኑ በሌሎች ዘንድም ተቀባይነት አግኝቷል። በወልቂጤ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ የኮኮነት ዘይት ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይረጋል፤ ከተማዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በማለዳ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዘይት ነጭ ሆኖ ጠጥሮ ይገኛል። ይህን የሚያይ ገዢ የተበላሸ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ይመስለዋል፤ መርጋቱ ግን የዘይቱ ባሕርይ ነው፤ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ወይም በብብት ማቆየት ይበቃዋል።

የቅቤው ባሕርይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አስደናቂ ነው። ለጋ ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ስለሆነ በገበያ ላይ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሳይፈስ ይቆያል፤ በራስ ቆዳ ላይ ሲደረግ ግን በሰውነት ሙቀት ብቻ ቀስ እያለ ይቀልጣል። ጥቅል ፀጉር ላላቸው ሕዝቦች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ እስከ ጫፉ መውረድ ስለማይችል ጫፉ ይደርቃል፣ ይሰበራል፤ ከላይ እየቀለጠ የሚወርድ ስብ ደግሞ ተፈጥሮ ያጎደለውን ይሞላል። የሕንድ ሴቶች ረዥምና ለስላሳ ፀጉር ወዙን በቀላሉ ስለሚያወርድ እነርሱ ዘይቱን ቀብተው፣ አሽተው፣ በኋላ ያጥቡታል፤ የጉራጌ ሴት ግን ቅቤውን ተቀብታ፣ በሻሽ አስራ፣ ቀልጦ እስኪሰርጽ ትጠብቃለች፤ ሹሩባዋንም ተሠርታ ቅቤዋን ታሳድራለች። አራስና ሙሽራ ራሳቸውን በቅቤ መቀባታቸው ከወገን የሚደረግላቸው የክብር መግለጫ ነው። ገበያው ራሱ ይህን ያውቃል፦ ቅቤ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ተብሎ ሲለይ፣ ሽታው ያልጠነከረው ለጋው ለራስ፣ በሳሉ ለወጥ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ አጥኚ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉራጌዎችን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብለው ገልጸዋቸዋል። የእንሰት ቤት ማለት ደግሞ ከብት ያለበት ቤት ማለት ነው፤ እንሰት ያለ ፍግ አይፋፋም፤ ከብቱም በሌሊት በቤቱ ውስጥ አድሮ ፍጉ ለእንሰቱ፣ ወተቱ ለቤቱ ይውላል። ወተቱን የመናጥ፣ ቅቤውን የማኖርና የመሸጥ ሥልጣን የሴቷ ነው። ጥቂት ከብት ያላት ሴት ብቻዋን የምታወጣው ቅቤ ጥቂት ስለሆነ ሴቶች ዊጆ የሚባል ማኅበር ይመሠርታሉ፤ ዊጆ ማለት አባላቱ በየተራ ቅቤ እያዋጡ ለአንዷ የሚሰጡበት፣ በገንዘብ ከሚደረገው እቁብ ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት ነው። ተራዋ የደረሰች ሴት በአንድ ጊዜ ብዙ ቅቤ ስለምታገኝ ለመስቀል ክትፎ፣ ለልጅ ድግስ ወይም ለሽያጭ ታውለዋለች፤ ለራሷ ፀጉርም ከዚያው ትቆርሳለች። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የፀጉር እንክብካቤ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ሳይሆን ሴቷ ራሷ ከምታዝዘው ሀብት የሚወጣ ድርሻ ነበር።

ይህ ድርሻ እየጠበበ ነው፤ የሕንዱን ጠርሙስ ወደ ወልቂጤ የጠራው ዋናው ምክንያትም ይኸው ይመስላል። የአዲስ አበባ ገበያ በስፋቱና በክትፎ ፍላጎቱ ቅቤን ከገጠር ሲስብ ዋጋው ስለሚወጣ፣ የራሷን ቅቤ የምትንጥ ሴት እንኳ ፀጉሯን ከመቀባት ይልቅ ሽጣ ለልጆቿ ደብተርና ለዘይት ገንዘብ ማግኘትን ትመርጣለች። ከከብት ርቃ በከተማ ለምትኖረው ሴት ደግሞ ቅቤ ሙሉ በሙሉ የሸመታ ዕቃ ነው፤ ሙዝና የአትክልት ዘይት የተቀላቀለበት ቅቤ ገበያ ላይ መገኘቱ በየጊዜው መዘገቡም ጥርጣሬን ጨምሯል። በዚህ ሁኔታ ጠርሙስ ቅባት ከቅቤ ጋር ሲወዳደር ውድ አይደለም፤ አይጠነባም፣ ልብስ አያበላሽም፣ በጥቂቱ ለረዥም ጊዜ ይበቃል። ሴቶች የአያቶቻቸውን ልማድ ንቀው ባዕድ ነገር ተከተሉ የሚለው ወቀሳ ስለዚህ ፍርደ ገምድል ነው፤ ልማዱን የተዉት ቅቤው ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ነው። ለጋ ቅቤን በአቅም ለማግኘት የሚሻለው ወቅት በታላላቆቹ ጾሞች ወራት ነው፤ ክርስቲያኑ ቤት ቅቤ መብላት ሲያቆም ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ዋጋው ረገብ ይላል፤ መስቀልና ፋሲካ ሲቃረቡ ተመልሶ ይወጣል። ሙስሊምና ክርስቲያን ተሰባጥሮ በሚኖርባት ወልቂጤ ይህን አካሄድ ሁሉም ያውቀዋል።

ከመደርደሪያው ዕቃዎች ሁሉ ግን ሐሳብን አጥብቆ የሚይዘው የጉሎ ዘይት ነው። ጉሎ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ተክል ነው፤ ኢትዮጵያም ከመገኛ አገሮቹ አንዷ ሆና ትቆጠራለች። በወልቂጤ በየአጥሩ ሥርና በየፍሳሹ ዳር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ፍሬው ተቀጥቅጦ እንጀራ በሚጋገርበት ምጣድ ላይ ማሰሻ ሆኖ ያገለግል እንደነበር የማያስታውስ የባልትና አዋቂ የለም። ሕንድ ግን ይህንኑ ተክል በሰፊው አልምታ ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው የጉሎ ዘይት እጅግ የሚበዛውን ታቀርባለች። ከአጥሩ ሥር የበቀለው ጉሎ ሳይለቀም እየረገፈ፣ የሌላ አገር ጉሎ ተጨምቆ፣ በብልቃጥ ገብቶ፣ ባሕር ተሻግሮና በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት ከዚያው አጥር ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ይሸጣል። አብሽም እንዲሁ ነው፤ ሕንዶች ዘፍዝፈው አሳድረውና ፈጭተው ለፀጉር የሚቀቡት አብሽ በወልቂጤ ጉልት በሴቶች ፊት ተቆልሎ ለወጥና ለአራስ ይሸጣል። ጥቁር አዝሙድ ከበርበሬና ከዳቦ ጋር የኖረ የአገር ሰብል ነው፤ ዘይቱ ግን በብዛት ታሽጎ የሚመጣው ከውጭ ነው። ኮሰረት በጉራጌ ቤት ቅቤን ሲያነጥሩ የሚገባ መዓዛ ነው፤ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ግን በጠርሙስ አይታይም።

እዚህ ላይ የጉሎን ኃይል ማጋነን አያስፈልግም። የዘይቱ 85 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ የተባለ ወፍራምና የሚያጣብቅ ቅባት ሲሆን፣ ፀጉርን ሸፍኖ እርጥበትን ይይዛል፣ መሰባበርን ይቀንሳል፤ አዲስ ፀጉር ያበቅላል የሚለው ግን በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም። ግንባር ላይ ፀጉራቸው የሳሳባቸው ብዙ ሴቶች ችግራቸው የቅባት እጥረት ሳይሆን አጥብቆ መሠራት ነው፤ ሹሩባው ወይም የሚቀጠለው ሰው ሠራሽ ፀጉር ሥሩን ለዓመታት ሲጎትተው ፀጉሩ ይረግፋል፤ መጎተቱ ሳይላላ የሚፈስ ዘይት ሁሉ ብክነት ነው። ፎሮፎር በበዛበት ራስ ላይም ቅባት ማብዛት አንዳንዴ ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም ፎሮፎርን የሚያበረታታው ማላሴዚያ የተባለው ረቂቅ ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ሂናም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ንጹሕ የሂና ቅጠል ዱቄት የሚሰጠው ቀለም ቀይ ያዘለ ቡናማ ነው፤ ወዲያውኑ ጥቁር የሚያደርገው ዱቄት ፓራ ፊኒሊን ዳያሚን የተባለ ኬሚካል የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችልና ይህም ቆዳን የሚያቃጥል አለርጂ ስለሚያስከትል፣ ጥቁር ሂና ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን መጠራጠር ይገባል። እጅና እግራቸውን በእንሶስላ ሲያቀሉ የኖሩ ሴቶች ይህን ልዩነት ለመለየት ዓይናቸው የሠለጠነ ነው።

ሕንዶች በቅባታቸው ንግድ የተሳካላቸው ዕፅዋታቸው የተሻለ ስለሆነ አይደለም። የተሳካላቸው የቤት ውስጥ ዕውቀትን ወደ ዕቃ፣ ዕቃውን ደግሞ ወደ ድኻው እጅ የሚያደርስ ሥርዓት ስለሠሩ ነው። ለዚህ ከዳቡር ይልቅ የሚያስተምረው ሳሼ የተባለው የትንሽ ከረጢት ታሪክ ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በኩዳሎር ከተማ ቺኒ ክሪሽናን የተባሉ ሰው ሙሉ ጠርሙስ መግዛት ለማይችል ሰው ሻምፖን ለአንድ ጊዜ መታጠቢያ በሚበቃ ትንሽ ከረጢት ማሸግ ጀመሩ፤ ልጃቸው ሲ. ኬ. ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1983 በ15,000 ሩፒ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ቺክ የተባለውን ሻምፖ በሳሼ ለገጠር ሴቶች ሸጠ፤ በኋላም የአንዱን ሳሼ ዋጋ እስከ ግማሽ ሩፒ ዝቅ አደረገው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የቀን ሠራተኛ የሆነች ሴት የዓመት ገቢዋ ለጠርሙሱ ያንሳል ማለት አይቻልም፤ በአንድ ቀን በእጇ የምትይዘው ገንዘብ ግን ለጠርሙሱ አይበቃም። ይህን የጉራጌ ገበያ ቀድሞ ያውቀዋል። ቅቤ በጭብጥ፣ ቅመም በስኒ፣ አብሽ በቁንጥር የሚሸጥበት ጉልት የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ የፕላስቲክ ሳሼው ያስከተለውን ቆሻሻ ግን አላስከተለም፤ የኮባ ቅጠል ተጥሎ አፈር ይሆናል።

ከአዲስ አበባ በመልካ ቁንጡሬና የድንጋይ ሐውልቶቿ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በተመዘገቡት በጢያ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚደርሱባት ቡታጅራ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተዘረጋች የመስቃን ከተማ ናት፤ የገበያዋ ስፋትና የሱቆቿ ብዛት ከወልቂጤ ባይተናነስም የቅባቱ ዝርዝርና የዋጋው ምክንያት ያው ነው። እዚህም በገበያው ዙሪያ ጉሎ አለ፤ በርበሬ፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ አለ፤ ቅቤ የምታመጣ ሴት አለች። የጎደለው ፍሬውን በንጽሕና ወደ ዘይት የሚቀይር መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ በእጅ የሚዞር ወይም በትንሽ ሞተር የሚሠራ መጭመቂያ፣ ማጣሪያ ጨርቅ፣ የፈላ ውኃ የነካው ብልቃጥና የተመረተበትን ቀን የያዘ መለያ ይበቃዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ቸል ሊባል አይችልም፦ የጉሎ ፍሬ ሪሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አለው፤ መርዙ ወደ ዘይቱ አይሄድም፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው ፋጉሎ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ኑግና ተልባ የሚጨመቅበት መጭመቂያ ለጉሎ ሊውል አይገባም፤ ፋጉሎውም እንደ ኑግ ፋጉሎ ለከብት ሊሰጥ አይችልም፤ ተለይቶ መቀመጥ፣ ልጆችና እንስሳት ከማይደርሱበት መቀበር ይኖርበታል። ቅቤን በተራ እያዋጡ መስፈርና ማካፈል የለመዱት የዊጆ ሴቶች የጉሎውን ለቀማ፣ የብልቃጡን ልክና የሽያጩን ሒሳብ ለመያዝ የሚያንሳቸው ልምድ የለም፤ የሚያስፈልጋቸው ለብቻው የተቀመጠ መጭመቂያና ስለ ፋጉሎው መርዝ ከጤና ጣቢያ ወይም ከግብርና ባለሙያ የሚሰጥ ግልጽ ትምህርት ነው።